መሸጥ ስትችል ያልሸጠችልኝ ፋርማሲስት

ይህችን ምስጋና ልጽፍ ልጽፍ ስል ሰነበትኩ። ስሜን እንዳትጠሪ ስላለችኝ "እህታችን" እላታለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንዲት ትንሽ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ሐበሻ ናት።

ልጄን የወለድኩት በጥር ነው። እናቴ ቪዛ ተከልክላ አልመጣችም። ባለቤቴ ማታ ማታ ኡበር ይነዳል። ገንፎውንም አጥሚቱንም ራሴው ነኝ። በአምስተኛው ሳምንት ለቅሶ በለቅሶ ሆንኩ። ልጅቷ ትተኛለች፣ እኔ ጣራ ጣራ አያለሁ። ትንፋሿ ቆመ ብዬ በየሰዓቱ እነሳለሁ። ሰው ሁሉ "አራስ ሆደ ባሻ ናት፣ ያልፋል" ይለኛል።

አንዷ ጓደኛዬ "ኬሚካል ከምትውጪ ተፈጥሯዊውን ሞክሪ" ብላ ዝርዝር ላከችልኝ። ከዕፅዋት የሚሠሩት ሴንት ጆንስ ወርትና አሽዋጋንዳ፣ የዓሣ ዘይትም። ሦስቱንም አንስቼ ልከፍል ቀረብኩ።

እህታችን ግን ሒሳብ አልተቀበለችም። "ሌላ የምትወስጂው አለ?" አለችኝ። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል አልኳት። "ሴንት ጆንስ ወርት እኮ ሰውነትሽ እንክብሉን ቶሎ እንዲያስወግደው ያደርጋል። ሳታስቢው ልታረግዢ ትችያለሽ!" ብላ ጠርሙሱን ወደ ኋላ አስቀመጠችው። ሐኪም የድባቴ መድኃኒት ቢያዝልኝ ደግሞ ሁለቱ ሲደራረቡ አደገኛ ናቸው። አሽዋጋንዳው ለምታጠባ እናት በቂ ጥናት የለውም፣ ታይሮይድንም ሊነካ ይችላል። የዓሣ ዘይቱን "አይጎዳሽም፣ ግን እሱን ተማምነሽ ሕክምና እንዳታዘገዪ" አለችኝ። እኔ ፋርማሲ የተደረደረ ሁሉ የተፈተሸ ይመስለኝ ነበር። ለካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ማሟያ (ሰፕልመንት) ገበያ ላይ የሚወጣው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ሳያጸድቀው ነው።

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጅቷ ስትተኛ አንቺንስ እንቅልፍ ይወስድሻል?" ስትለኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ወንበር ሰጠችኝ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣን ድባቴ ለመለየት የሚሞላውን፣ ኤድንብራ የሚባለውን አስር ጥያቄ ያለው ቅጽ አውጥታ አንድ በአንድ በአማርኛ አስረዳችኝ። አስረኛው ራስን ስለመጉዳት ነው። እሱንም እንደሌሎቹ አነበበችው፣ ፊቷ አልተለወጠም። ጨርሰን እዚያው ሐኪሜ ቢሮ ደወለች። ለማግስቱ ቀጠሮ ተያዘልኝ።

ሐኪሟ ደሜን አስመረመረችው። ብረት አንሶኛል፤ እንግዲህ አንድ ሰፕልመንት አልቀረብኝም! እያጠባሁ ልወስደው የምችለው ሰርትራሊን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ በሳምንት አንዴም ከአማካሪ ጋር እነጋገራለሁ። ቶሎ አልተሻለኝም። ወደ አንድ ወር ግድም ነው እንቅልፍ የጀመርኩት። ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ግን እንግዶቼን ቆሜ አስተናገድኩ። እህታችንም መጥታ ነበር፣ ለኔ አብሽ ይዛ ሳይሆን ለባለቤቴ "ሌሊት አንዴ አንተ ተነስ" የሚል ምክር ይዛ።

አካባቢው ላይ ያላችሁ አራሶች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፋርማሲውን እነግራችኋለሁ። ሌላ ስቴት ላላችሁ፣ 1-833-852-6262 የእናቶች የአእምሮ ጤና ነፃ መስመር ነው። ሌት ተቀን ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ። እህታችን ጋ ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የእያንዳንዱን ጠርሙስ ጀርባ ሳታነብ አትለቃችሁም።