የአደጋ ቦታ ፎቶ ጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር፦ የስድስት ሳምንት ሥልጠና ግምገማ

በአደጋ ቦታ ለሚሠሩ ፎቶ ጋዜጠኞች የተዘጋጀ የስድስት ሳምንት የኦንላይን የሥነ ምግባር ሥልጠና ባለፈው ወር አጠናቅቄያለሁ። የተመዘገብሁት ከዓመታት በፊት በጎርፍ ማግስት ያነሳኋት እናት ጉዳይ ዛሬም ስለሚከነክነኝ ነው፤ ፎቶዋ ሲታተም ከሥሩ «ተጎጂ» ከማለት በቀር የምጽፈው ስም አልነበረኝም።

የሥልጠናው ብርታት ሁለተኛው ሳምንት ነው። አሰልጣኙ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ከሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በፖርቶ ፕሪንስ በጥይት የተገደለች የ15 ዓመት ታዳጊን የሚያሳይ፣ በኋላም በስዊድን የተሸለመ ፎቶ አቀረበ። ልጅቷ በግንባሯ ተደፍታለች፤ በዙሪያዋ ፍርስራሽ ብቻ ይታያል። ቀጥሎ ያንኑ ስፍራ ከሌላ አቅጣጫ የሚያሳይ ፎቶ ሲከፍት፣ ካሜራቸውን ወደ አስከሬኗ የደገኑ ፎቶ አንሺዎች ተደርድረው ታዩ። አሰልጣኙ ማንንም ሳይወቅስ፣ ከፍሬሙ ውጭ የቀረው ነገር የተመልካቹን ፍርድ ይለውጥ እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ለረጅም ጊዜ መልስ የሰጠ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1993 በሱዳን ረሃብ ጊዜ የተነሳውን፣ መሬት ላይ የተደፋ ሕፃንና ከኋላው የቆመ አሞራ የሚያሳየውን ፎቶ ግን ሥልጠናው ቸኩሎ አልፎታል። ውይይቱ «ፎቶ አንሺው ለምን አልረዳውም?» ከሚለው የተለመደ ወቀሳ ፈቀቅ አላለም። በሕፃኑ እጅ ላይ የሚታየው፣ በእርዳታ ሠራተኞች መመዝገቡን የሚጠቁመው አምባር፣ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ፎቶውን ካተመ ከቀናት በኋላ የሕፃኑ ዕጣ እንደማይታወቅ ለአንባቢዎቹ ለማስረዳት መገደዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሕፃኑ ከዚያ ረሃብ ተርፎ እንደነበር በአንድ የስፔን ጋዜጣ መዘገቡ፣ አንዱም አልተነሣም። እኔ እንደማምነው የፎቶ መግለጫ የሚጽፈው አርታኢ ኃላፊነት ካሜራ ከያዘው ሰው አያንስም፤ ሥልጠናው ግን ስለ አርታኢው ምንም አይልም።

ስለ ፈቃድ የሚሰጠው ትምህርትም ጎደሎ ነው። የአሜሪካ የፕሬስ ፎቶግራፈሮች ብሔራዊ ማኅበር ደንብ በሰው የግል ሐዘን መካከል መግባት የሚቻለው ሕዝቡ ሊያየው የሚገባ ከሁሉ የሚልቅ ምክንያት ሲኖር ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ሥልጠናው ይህን ካነበበልን በኋላ በቀጥታ ወደሚፈረም ቅጽ ይሻገራል። ቤቱ ከሰዓታት በፊት የፈረሰበት ሰው ብዕር ሲሰጡት ይፈርማል፤ በማግስቱ ተመልሶ ፎቶውን አሳይቶ እንደገና መጠየቅ እንደሚገባ ግን የነገረን የለም።

ጀማሪ ፎቶ ጋዜጠኞች ለሁለተኛው ሳምንት ሲሉ ቢመዘገቡ አይቆጩም። አዘጋጆቹን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ የሥልጠናው ማስታወቂያ ላይ ስሟም ሆነ የተነሳችበት ቦታ ያልተጻፈ አንዲት የምታለቅስ ልጅ አለች። ማን እንደሆነችና ፈቃዷ ተጠይቆ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጽፌላቸው መልስ አልሰጡኝም፤ ማስታወቂያውም እስካሁን አልተነሣም።