«ሙሉ ኢንሹራንስ» ተብላችሁ ካምፐር ቫን ከመከራየታችሁ በፊት

በካምፐር ቫን፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ባለው መኪና፣ ተራራ ለተራራ ለመዞር ያሰባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ውሉን ሳላነብ ፈርሜ ማስያዣዬን ተበልቻለሁ። ከገንዘቡ ይልቅ ደግሞ ቁልቁለት ላይ የሆንነው እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

የተከራየነው ለስምንት ቀን ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን። ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ መኪናውን ጠጠር መንገድ ላይ አቁሞ፣ ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ ያሳያል። ቁልፉን ያስረከበን ልጅ «ሙሉ ኢንሹራንሱን ከጨመራችሁ ምንም አታስቡ» አለን። ጨመርን። በሦስተኛው ቀን ከአስፋልቱ ወጥተን ፒስታ ገባን። መንገዱ ያን ያህል ክፉ አልነበረም፤ ጎማ የተመላለሰበት ግራና ቀኙ ቦይ ሆኖ መሃሉ ግን ጉብ ብሏል። አንድ ቦታ ከሥር «ቋ!» ሲል ሰማን። ወርጄ ተንበርክኬ ሳይ የእጣቢ ውሃ ማጠራቀሚያው መልቀቂያ ቧንቧ ተገንጥሎ፣ ልጆቹ ጠዋት የታጠቡበት የሳሙና ውሃ አቧራው ላይ ይንጠባጠባል።

መኪናውን ስንመልስ ውሉን ዘርግተው ገጽ 11 አሳዩኝ። «ሙሉ» የተባለው ኢንሹራንስ የመኪናውን ሥር አይሸፍንም፣ ጣሪያውን አይሸፍንም፣ ጎማና የፊት መስታወት አይሸፍንም፤ አስፋልት ባልሆነ መንገድ ላይ ከተነዳ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይሸፍንም። ተራራ ላይ የሚጎዳው እኮ እሱ እሱ ነው! ሥሩን ድንጋይ ያገኘዋል፣ ጣሪያውን ቅርንጫፍ ይፍቀዋል፣ መስታወቱን ከፊት ካለው መኪና የሚፈናጠር ጠጠር ይመታዋል። ታዲያ ጨምሬ የከፈልኩት ለምን ነበር?

ይህ ዓይነት አንቀጽ የኔ አከራይ ብቻ የፈጠረው አይደለም። አይስላንድ ውስጥ ቁጥራቸው «ኤፍ» በሚል ፊደል የሚጀምር የተራራ መንገዶች ለፎር ዊል ድራይቭ ብቻ የተፈቀዱ ናቸው፤ ወንዝ ስትሻገሩ ውሃ ሞተሩ ውስጥ ቢገባ ደግሞ የኪራይ መኪና ኢንሹራንስ በአብዛኛው አይከፍልም። ኒውዚላንድ ውስጥ ኩዊንስታውን አጠገብ ወዳለው የስኪፐርስ ካንየን መንገድ ብዙ አከራዮች መኪናቸው እንዳይገባ በውል ይከለክላሉ። ስለዚህ «ተራራ መውጣት ይቻላል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ይቻላል» ይሏችኋል። የምትሄዱበትን መንገድ በስሙ ጥሩና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተነገረኝን ማንም አላስታወሰልኝም።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልምጣ። በአምስተኛው ቀን ረጅም ቁልቁለት ስንወርድ መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ቀጥሎ ፔዳሉ ስረግጠው እንደ ስፖንጅ ለሰለሰብኝ። በእጅ ፍሬንና በከባድ ማርሽ እንደምንም ዳር አስይዤ አቆምኩት። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣ ነበር። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ደርሰናል?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ካቀዘቀዝነው በኋላ ነው ወርደን መካኒክ ያገኘነው። የፍሬን ዘይቱን ሲከፍተው ጥቁር ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን የመፍያ ሙቀቱ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አያንስም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛው መጠን ወደ 155 ይወርዳል። ከባድ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ባዶ ይወርዳል። ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ ገደማ የሚቀየረው። አከራዮቹ «በአነዳድህ ነው» አሉኝ። እውነት ነው፣ ገና ከላይ ጀምሬ ከባድ ማርሽ ማስገባት ነበረብኝ፤ ፍሬን ላይ ተደግፌ ነው የወረድኩት። ቢሆንም ቤተሰብ ጭኖ ተራራ ለሚወጣ መኪና ያን ዘይት መስጠት ወንጀል ነው እላለሁ። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ የሰርቪስ ደብተር ጠይቁ። ካላሳዩአችሁ ቁልፉን መልሱላቸው።

ጎማውንም ተመልከቱ። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፤ 2318 ካለ በ2018 እንደ ፈረንጆች በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ካምፐር ቫን ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚከርም ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል፤ የኛ ጥርሱ አዲስ መስሎ ጎኑ ግን ተሰነጣጥቆ ነበር።

ክብደትም አለ። በብዙ አገሮች በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ነው። ብዙ ካምፐር ቫኖች ገና ባዶአቸውን ለዚያ ይቀርባሉ። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ ሰውና ዕቃ ጨምሩበት። ስንት ኪሎ መጫን እንደሚቀረው ጠይቁ፤ ከልክ በላይ ጭናችሁ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላለመክፈል ሌላ ሰበብ ያገኛል። ለማሞቂያው የሚሰጧችሁ ጋዝ ቡቴን ከሆነ ደግሞ ብርዱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ አይተንም፣ ሌሊት ይጠፋባችኋል፤ ፕሮፔን ይሁን በሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ) ማስጠንቀቂያ ከሌለው መኪና ውስጥ ልጆች አታስተኙ።

መኪናውን ስትረከቡ ስልካችሁን አውጡና ጣሪያውን፣ ጎማዎቹን፣ በተለይ ሥሩን ተኝታችሁ ቅረጹ፤ ልብሳችሁ ይቆሽሽ። እኔ ጣሪያውን ቀርጬ ስለነበር እዚያ ላይ የጠየቁኝን ሰርዘውልኛል። ሥሩን ስላልቀረጽኩ ግን የቧንቧውን ብቻ ሳይሆን የዛገውን አሮጌ ጭረት ሁሉ ከማስያዣዬ ቆርጠዋል። ለባንኬ አቤቱታ አስገብቼ መልስ እየጠበቅኩ ነው።