ያማሃ ፒኤስአር-ኢ373፦ ከ14 ወር በኋላ

ይህ ኪቦርድ እጄ ከገባ 14 ወር ሆነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጽፍለት ተነሥቼ ነበር፤ እንኳንም ተውኩት። ያን ጊዜ ጽፌ ቢሆን ወሬዬ ሁሉ በውስጡ ስላሉት 622 ድምፆች ይሆን ነበር። ዛሬ ከእነዚያ ውስጥ እጄ የሚሄደው ወደ ሰባቱ ብቻ ነው። መብራት በጠፋበት ማታ፣ በአቧራው ወራትና ጎረቤት በተኛበት ሰዓት ምን እንደሚመስል ግን አሁን አውቀዋለሁ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ሳሪስ ካለው ቢሮ ወጥቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ ቤቴ ስደርስ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ያልፋል። እራት በልቼ፣ ዕቃ አጥቤ ኪቦርዱ ፊት የምቀመጠው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባሁም። በልጅነቴ ከመዘምራን ጋር ቆሜ የተጫዋቹን ጣቶች እያየሁ ነው የለመድኩት፤ የራሴ መሣሪያ ሲኖረኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ገንዘቡ ከዕቁብ ወጣ፤ ዱባይ የምትሠራው እህቴ ለዕረፍት ስትመጣ ገዝታ አመጣችልኝ።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ 61 ቁልፍ አለው፤ ጠበቅ አድርገው ሲመቱት ድምፁ ይጎላል፣ ለስለስ ሲያደርጉት ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ 48 ኖታ ማሰማት ይችላል። ክብደቱ 4.6 ኪሎ ግራም ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር አይሞላም። ቁልፎቹ ቀላል ናቸው፤ የፒያኖን ክብደት የለመደ ጣት መጀመሪያ ላይ መሬት ያጣ ያህል ይሰማዋል።

በእኛ ሰፈር ለሚኖር ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግረው በስድስት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ መሥራቱን ነው። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑም ምድጃውም ጸጥ ይላል፤ እኔ ሻማ ለኩሼ መጫወቴን እቀጥላለሁ። ከሱቅ የምንገዛው ርካሹ ድንጋይ በሁለት ማታ ያልቃል፤ ሳያወጡ ከረሱት ደግሞ ያዥና መያዣውን ያበላሻል። አራተኛው ወር ላይ ቻርጅ የሚደረጉ ስድስት ድንጋዮች ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ድንጋይ ማሰብ ትቻለሁ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ በኖረባቸው ዓመታት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ድረስ ይለማመድ ነበር። ያን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ በሻማ ብርሃን መጫወት እንደ ችግር አይታየኝም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ለ30 ደቂቃ ካልነኩት ራሱን ያጠፋል። ድንጋይ ለመቆጠብ ጥሩ ነው፤ ያስተካከሉት ድምፅ ግን ካላስቀመጡት በዚያው ይጠፋል።

ስለ ጆሮ ማዳመጫ ረዘም አድርጌ ልናገር። ቀዳዳው ትልቁ ዓይነት ነው፤ የስልክ ማዳመጫ ለመሰካት ትንሽ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ማዳመጫው ሲሰካ ድምፅ ማጉያዎቹ ዝም ስለሚሉ፣ እኔም ማንንም አልረብሽም ብዬ እስከ አምስት ሰዓት እጫወት ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ደረጃው ላይ አገኙኝና፣ “ልጄ፣ አንቺ ሌሊት ሌሊት ቡና ትወቅጫለሽ እንዴ?” አሉኝ።

“ኧረ እማማ፣ ቡና አይደለም፤ ኪቦርድ ነው የምጫወተው” አልኳቸው።

“ታዲያ ድምፁ የታለ? እኔ የምሰማው ዱቅ ዱቅ ብቻ ነው።”

ልክ ነበሩ። ሙዚቃው ጆሮዬ ውስጥ ይቀራል፤ የቁልፎቹ መውደቅና መነሣት ግን በጠረጴዛው እግር አድርጎ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉም ወደ እሳቸው ጣሪያ ይወርዳል። ያን ቀን ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ አራት ቁራጭ ቆርጬ ከጠረጴዛው እግሮች ሥር አደረግሁ፤ ከኪቦርዱም ሥር ብርድ ልብስ አጥፌ አነጠፍኩ። በሳምንቱ ሄጄ ስጠይቃቸው “አሁን እንቅልፍ ወስዶኛል” አሉኝ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኪቦርድ የሚገዛ ሁሉ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ያድርገው፤ ያሳፍራል፣ ሰውም ደፍሮ ሳይነግር ለወራት ሊቸገር ይችላል።

የበጋው አቧራ ሌላ ፈተና ነው። ከሕንፃችን በስተጀርባ ያለው መንገድ አስፋልት አልለበሰም፤ ከጥር ጀምሮ መስኮት ተዘግቶም ቢሆን ጠረጴዛ ላይ በጣት መጻፍ ይቻላል። ዘጠነኛው ወር ላይ መሐል ያለው የፋ ቁልፍ፣ ቀስ ብዬ ብነካው እንኳ መጮኽ ጀመረ። መርካቶ ያለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት፤ ከፍቶም አሳየኝ። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት መነካኪያ አለ። ቁልፉ ሲወርድ አንደኛው ቀድሞ፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይነካል፤ መሣሪያው የጣትን ጉልበት የሚለካው በሁለቱ መካከል ባለው ቅጽበት ነው። በዚያ መካከል አቧራ ሲገባ ልኬቱ ይዛባል። በጥጥና በአልኮል ጠርጎ መለሰልኝ፤ እስከ ዛሬ ደኅና ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ከተጫወትኩ በኋላ ሳልሸፍነው ነበር የምተኛው። አሁን ሁለት ያጠፍኩት አሮጌ ነጠላ ከላዩ አይጠፋም።

ወደ ሙዚቃው ልግባ። ለጀማሪ የምነግረው ደስ የሚል ነገር አለ፦ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ ከፋ ሻርፕ ጀምራችሁ በተራ ብትነኩ የምትሰሙት ትዝታ ሜጀር የሚባለውን ቅኝት ነው። የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ በዚህ መንገድ በአንድ ከሰዓት በኋላ የራሱን ዜማ አወጣ። አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት ግን ያስቸግራል። ከዶ ከተነሡ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ ጣት በነጭና በጥቁር መካከል ይወላገዳል። ቁልፍ መቀየሪያው፣ ማለትም ትራንስፖዝ፣ ዘፋኝ ወደሚፈልገው ከፍታ በአንድ ጊዜ ይወስዳል። እኔ በመጀመሪያዎቹ ወራት በእሱ ብቻ ተደግፌ አንድ የጣት አቀማመጥ ላይ ቀርቼ ነበር፤ ከስድስተኛው ወር ወዲህ ለልምምድ አልነካውም።

205 ስታይሎች፣ ማለትም ራሱ የሚጫወታቸው አጃቢ ምቶች አሉት፤ ጭክጭካ የለም። በስድስት ስምንተኛ የተሠሩ አሉ፤ ማርችም ዘገምተኛ ሮክም አለ። ቆጠራው ይገጥማል፣ ምቱ የሚያርፍበት ቦታ ግን የእኛ አይደለም፤ እስክስታ ልወርድበት ብሞክር ትከሻዬ እሺ አላለኝም። ስለዚህ ከበሮውን ራሴ እሠራዋለሁ። የድራም ድምፆቹን ከፍቼ፣ ዝቅተኛውን ቶም በግራ አውራ ጣት፣ የኮንጋውን ድምፅ በቀኝ ሁለት ጣት እየመታሁ ሁለት ደቂቃ እቀዳለሁ፤ ከዚያ በላዩ ላይ ባስና ዜማ እጨምራለሁ። መጀመሪያ ላይ ምቱ ይፈጥንብኝ ነበር፤ ሜትሮኖሙን፣ ማለትም ምት ቆጣሪውን፣ በዝግታ አድርጌ ሦስት ሳምንት ከለፋሁ በኋላ ተስተካከለ። በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ ኖታውንም ድምፁንም በዚያው አንድ ገመድ ያስተላልፋል። የጎረቤት ጄኔሬተር ሳይገባበት የቀዳሁት የመጀመሪያ ዜማ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

አሁን ልቤን ወደሚያመኝ ነገር። ይህ ሞዴል የቤንድ ጎማ የለውም፤ ማለትም ኖታውን ይዞ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያንሸራትት መዘውር የለውም። ከቁልፎቹ በስተግራ ባዶ ነው። የማሲንቆ ድምፅ በጣት ተንሸራቶ እንጂ ዘሎ ከኖታ ወደ ኖታ አይሄድም፤ ዋሽንትም እንዲሁ፣ የሴት ልጅ እንጉርጉሮም እንዲሁ። ስለዚህ የባቲን ቅኝት ስጫወት ኖታዎቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ዜማው ደረቅ ይሆንብኛል። የምችለውን አደርጋለሁ፤ ከዋናው ኖታ በፊት ጎረቤቱን በፍጥነት ነክቼ አልፋለሁ፣ ፔዳል እረግጣለሁ፣ ማለስለሻ ድምፅ ከሥሩ እጨምራለሁ። ይቀርባል እንጂ አይሆንም። መሣሪያው ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ በዚህ አልወቅሰውም፤ ሳልጠይቅ ያስገዛሁት እኔ ነኝ። የሀገራችንን ሙዚቃ ለመጫወት ብላችሁ ኪቦርድ የምትገዙ ግን፣ የድምፁን ብዛት ከመቁጠራችሁ በፊት ከግራ በኩል ጎማ መኖሩን ተመልከቱ።

ስለ አዳፕተሩም ጥቂት። አብሮት የመጣው ሶኬቱ የዱባይ ባለ ሦስት እግር ስለሆነ መቀየሪያ ላይ ነበር የሚሰካው። ክረምት ላይ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ተቃጠለ። ከአንድ ሱቅ 12 ቮልት የተጻፈበት ሌላ ገዛሁ፤ ሥራውን ሠራ፣ ግን ማዳመጫው ውስጥ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ አመጣ። ሁለተኛውን ስገዛ ኪቦርዱን ተሸክሜ ሄጄ እዚያው ሞክሬ ነው የወሰድኩት፤ የመሐለኛው ቀዳዳ ፖዘቲቭ መሆኑንም አይቻለሁ፤ በተቃራኒው የተሠሩ አሉና። አሁን መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የማደርገው መንቀል ነው።

ለመሸከም ቀላል ነው። ሰፈራችን ያለ ሸራ ሰፊ ቦርሳ ሠራልኝ፤ ሚኒባስ ውስጥ ግን ረዳቶቹ የሁለት ሰው ይጠይቃሉ፣ እኔም እከፍላለሁ።

ባለፈው የትንሣኤ ማግስት ይዤው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረድኩ። መብራት አልነበረም፤ ድንጋዮቹን ቻርጅ አድርጌ ነበር። እማማ ቡና እያፈሉ ትዝታ ተጫወትኩላቸው፤ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ኪቦርዱን አልሸጠውም። ለባለ ጎማው አዲስ ዕቁብ ገብቻለሁ፤ ዕጣው እስኪደርሰኝ በዚህኛው አንቺ ሆዬን በአሥራ ሁለቱም ከፍታ ለመጨረስ አስቤያለሁ፤ እስካሁን አምስቱን ይዣለሁ።