ቪትዜ፣ ካምቢዮዋ እና «ዘይት ዘይት ነው» የሚሉት ሰዎች

ከቪትዝ፣ ከትንሿ ቶዮታ፣ ጋር ጸብ የለኝም። ይህን ከፊት ላስቀምጠው፤ ካምቢዮ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው ክፍል) ተበላሸብኝ ያልኩት ሰው ሁሉ «ነግረንሽ ነበር» ይለኛልና። ምን ብላችሁ ነው የነገራችሁኝ? አንዱ «ነጭ መኪና ቆሻሻ ይይዛል» አለኝ። ሌላው «ትንሽ ጨምረሽ ኮሮላ ያዢ» አለኝ። ስለ ካምቢዮ ትንፍሽ ያለ የለም።

የገዛኋት ጃፓን ውስጥ በ2005 እ.ኤ.አ. መሸጥ የጀመረችውን፣ ሁለተኛውን ቅርጽ ነው። አንድ ሺህ ሲሲ፣ አውቶማቲክ። ዕድሜዋን አስልታችሁ «ለዚች ይህን ሁሉ ብር?» እንዳትሉኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ቪትዝ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞረው። እያንዳንዱ ባለቤት ምን እንዳደረገባት ግን ሊብሬ ላይ አይጻፍም።

ደላላው ያስሞከረኝ ቦሌ ነው። የሚያስሞክሩት ሁሌም ቦሌ ነው። መንገዱ ሜዳ፣ አስፋልቱ ለስላሳ፣ ሞተሩ ገና ያልሞቀ። ኤሲውን ከፈተ፣ ሙዚቃ ከፈተ፣ «እህቴ፣ ይቺን አሁን ካላነሳሻት ማታ የለችም» አለኝ። ማርሽ ስትቀይር አታስታውቅም ብሎም አደነቀልኝ። እርግጥ አታስታውቅም፤ የምትቀይረው ማርሽ የላትም!

ይህ ዓይነቱ ካምቢዮ ሲቪቲ ይባላል። ውስጡ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚባል ጥርስ የለም። ሁለት ፑሊዎች አሉ፤ እነሱን የሚያገናኘው ደግሞ በመቶ ከሚቆጠሩ ስስ ብረቶች የተሠራ ቺንጋ ነው። ፑሊዎቹ ሲጠብቡና ሲሰፉ ቺንጋው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ፍጥነቱም እንደዚያው ይለዋወጣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሆላንዶች በ1958 እ.ኤ.አ. ዳፍ የምትባል ትንሽ መኪና ላይ በጎማ ቺንጋ አሳይተውታል። የኔዋ በብረት ነው። መኪናዋ የምትሄደው ቺንጋው ፑሊውን ሳያሟልጨው አንቆ ስለሚይዝ ብቻ ነው። አንቆ የሚያስይዘው ደግሞ ዘይቱ ነው። ግፊት የሚሰጠው እሱ ነው፤ ብረት ከብረት ሲነካካ እንዳይበላላ፣ ግን ደግሞ እንዳይንሸራተት የሚያደርገውም እሱ ነው። ዘይቷን አትርሱብኝ፤ ታሪኩ ሁሉ እሷ ናት።

ወር ሳይሞላ ነው የጀመራት። ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎ አድርጌ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም። ነዳጅ ስረግጥ ጩኸቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ግን እዚያው ነው። ኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ይዞታል፤ ረዳቱም በመስኮት ወጥቶ የሚለውን ይላል። ሜዳ ላይ ስደርስ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ትነዳለች። ጠዋት ቀዝቃዛ ሆና ደህና ናት። መንገድ ተዘጋግቶ ከሞቀች በኋላ ነው የሚብስባት።

ደላላው ዘንድ ደወልኩ። «እህቴ፣ አንድ ሺህ ሲሲ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታ ነው። ምን ትጠብቂያለሽ?» ግማሹ እውነት ስለሆነ ያናድዳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ይሳሳል፤ ትንሽ ሞተር ዳገት ላይ ጉልበት ያንሰዋል። ነገር ግን ጉልበት ያነሰው ሞተር ያቃስታል እንጂ እንደ ልቡ አይፈነጥዝም። ሞተሩ ከፍ እያለ ጎማው ካልተከተለው የጠፋው መሐል ላይ ነው፤ መሐል ላይ ያለው ደግሞ ካምቢዮ ነው። ጤነኛ ሲቪቲም ነዳጅ ሲረገጥ መጀመሪያ ይጮኻል፣ እሱን አልክድም። የጤነኛው ጩኸት ግን ፍጥነቱ ሲደርስበት ይረጋል። የኔዋ አልረጋ አለች።

አንድ ቀን ዳገቱ መሐል ጭራሽ ቆመች። ሰው ተሰበሰበ። «ገመድ አምጡ፣ እንጎትታት» ተባለ። ለመካኒኬ ደወልኩ፤ ጠና ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ በገመድ እንዳያስነኩብሽ» አሉኝ። የምትነዳው በፊት እግሯ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ የፊት ጎማ ሲሽከረከር የዘይቱ ፓምፕ አይሠራም፤ ካምቢዮው ውስጡ በደረቁ ይፋጫል። ጭኖ የሚወስድ መኪና እስኪመጣ ሰውን ሁሉ በልመና ከገመዱ አስጣልኩት። «ይቺ ሴትዮ ትጠራጠራለች» ያለኝ ወንድሜ፣ እንኳን ተጠራጠርኩ።

ጋራዥ ውስጥ ዘይቱን አወረዱት። ጥቁር ነው፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። የካምቢዮው ሳህን ውስጥ የብረት ብናኝ የሚሰበስቡ ማግኔቶች አሉ። ትንሽ ግራጫ ጭቃ ቢኖርባቸው ያለ ነው። የኔዎቹ ላይ ግን በጣት የሚያዝ የብረት ስንጥር ነበር። መካኒኩ አዩት፣ አሳዩኝ፣ ዝም አሉ። ከዚያ «ማነው ዘይት የቀየረላት?» አሉ።

መልሱ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሻጩ ለሽያጭ ሲያዘጋጃት ጋራዥ አስገብቷታል። ደረሰኙን እንኳን አላነሳውም፦ «አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ 4 ሊትር»። የሲቪቲ አይደለም። ተራው።

እዚህ ጋ ነው ደሜ የሚፈላው። ደወልኩለት፤ ሰውየው አላፈረም። «ጥሩውን ነው ያስደረግኩላት፣ ውዱን!» አለኝ። ያሞላበት ጋራዥ ደግሞ «ዘይት ዘይት ነው፤ ይቺም አውቶማቲክ፣ ያም አውቶማቲክ» አለ። እንዴት ነው ዘይት ዘይት የሚሆነው? ተራው የአውቶማቲክ ዘይት የተሠራው ለሌላ ዓይነት ካምቢዮ፣ ማርሽ ላለውና በፍሪሲዮን ዲስኮች ለሚቀያይረው ነው። ለዓይን የታዘዘ ጠብታ ጆሮ ውስጥ ጨምሮ «መድኃኒት መድኃኒት ነው» እንደ ማለት ነው። ቶዮታ ለሲቪቲ ለብቻው የሚያወጣው ዘይት አለ፤ ቲሲ እና ኤፍኢ የሚባሉ፤ የትኛው እንደሚገባ የመኪናው መጽሐፍ ይናገራል። ውድ መሆኑ ምን ይጠቅማል? ውዱን ስህተት ነው የሞላልኝ።

እዚህ ላይ አንዳንዱ «ቪትዝ ሲቪቲዋ ደካማ ነው» ይለኛል። ኧረ ተዉ! ቺንጋው ተንሸራቶ ፑሊውን ፍቆታል። የማይሆን ዘይት ከሞሉበት ምን ዓይነቱ ነው የሚችለው?

ዘይቱን ብቻ በትክክለኛው ብንቀይረው ይሻላት እንደሆነ ሞከርን። ትንሽ ተነቃቃች፤ ዳገት ላይ ያው ናት። የተፋቀ ብረት በዘይት አይድንም። ስለዚህ ያገለገለ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድን።

ሶማሌ ተራ ብቻችሁን አትሂዱ። «የቪትዝ ካምቢዮ» ስትሉ አሥር ሰው ይከባችኋል፤ ሁሉም «ከተጋጨ መኪና የወጣ፣ ንጹሕ» ይላችኋል። መካኒኩ ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ መኪናዋ አካል ላይ የተመታችውን የብረት መለያ ሰሌዳ በስልክ ፎቶ አንስተው ወረዱ። እዚያ ላይ የካምቢዮው ኮድ ተጽፏል። የአንድ ሺህ ሲሲውና የአንድ ሺህ ሦስት መቶው ከላይ ሲታዩ ይመሳሰሉ ይሆናል፤ ኮዱ ግን አይዋሽም። ኮዱ ያልገጠመውን ሁሉ «ይሄም ይገባል» እያሉ ሊሸጡልን ነበር። ይገባ ይሆናል፤ ይሠራል ወይ ነው ጥያቄው። በመጨረሻ የገጠመ ተገኘ፤ ሻጩ ዘይቱን አውርዶ ማግኔቱን እንዲያሳየን እስኪስማማ ድረስ ብር አልቆጠርንም።

ከመግጠማቸው በፊት የዘይት ማቀዝቀዣውንና ቱቦዎቹን በደንብ አጠቡት። የድሮው ብናኝ እዚያ ከቀረ አዲሱንም ይበላዋል። ከገጠሙ በኋላም ኮምፒውተሯ የድሮውን ካምቢዮ ጠባይ እንዲረሳ በማሽን አስተካከሉት። ርካሽ ጋራዥ እነዚህን ሁለቱን ይዘላቸዋል።

ብሩስ? የወጣውን አልጽፈውም፣ ደም ግፊቴን አትቀስቅሱብኝ። ሻጩ መጀመሪያ «አይተሽ ወደሽ ፈርመሻል» አለኝ። ውሉ ላይ እውነትም እንደዚያ ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ ገዢም ጉድለቱን እንዳየ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። እኔ ያኔውኑ በጽሑፍ አሳውቄው ነበር፤ ደረሰኙንም ፎቶ አንስቼ ልኬለታለሁ። ፍርድ ቤት ሳንደርስ በሽማግሌ ተጨራረስን፤ የካምቢዮውን ግማሽ ከፈለ። ሽማግሌዎቹ ፊትም «ውዱን ነው ያስሞላሁላት» ማለቱን አልተወም።

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። ነዳጅ ቆጣቢ ናት፣ ኤሲዋ ይሠራል፣ የትም ትቆማለች፤ ቪትዝ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሽሮ ሜዳን ትወጣዋለች። እንጦጦንም ወጥታዋለች፤ ቀስ ብላ፣ ግን እንደ ሰው። ያው ደላላ ሰሞኑን ደውሎ «ጥሩ ገዢ አለኝ» ብሎኛል። ካምቢዮዋ መቀየሩን ከየት እንደሰማ እንጃ። አልሸጥም።

አውቶማቲኳን ለመግዛት ለምታስቡ፦ ቦሌ ላይ አትሞክሯት። አሙቋት፣ መንገድ በተዘጋበት ሰዓት ያዟት፣ ከዚያ ዳገት አስወጧት። የዓመቱ ምርመራ አልፋለች ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ እዚያ ካምቢዮ ከፍቶ የሚያይ የለም። ቼክ ኢንጂን መብራቱ ጠፍቷል ማለትም አያጽናናችሁ፤ ለሽያጭ ሲባል በማሽን የሚያጠፋው አለ። ሻጩ «የካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልክ አይቀየርም» ካለ የማንን ዕድሜ እንደሆነ ጠይቁት። «አሁን አስቀይሬላታለሁ» ካለ ደግሞ የበለጠ ፍሩ፤ ጣሳውን አሳየኝ በሉት።

እኔ በመካኒኩ ምክር በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። ዘይቱን ራሴ ገዝቼ ነው ይዤ የምሄደው፤ ሲሞሉም አጠገባቸው ቆሜ ነው።