አንድ የጄልኮት መጠገኛ ሳጥንና ስድስት ቅዳሜ

ነገሩን ከመጀመሪያው ልበለው። ጄልኮት የፋይበርግላስ ጀልባ የሚያብረቀርቅ የላይ ቆዳ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው መጠገኛ ዕቃ ጥሩ ነው። አብሮት የመጣው የመመሪያ ወረቀት ግን ጉድ ሠርቶኛል። የአምራቹን ስም አልጠራም። የምጽፈው ያገለገለች ጀልባ ገዝቶ እንደ እኔ «ጭረት ብቻ ናት» ተብሎ ለተሸኘ ሰው ነው።

ጀልባዋ 5 ሜትር ከትንሽ ናት። ሞተር ከኋላ፣ ቀፎዋ ፋይበርግላስ። ነጭ ነበረች፤ አሁን ነጭ ናት ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። አፍንጫዋ ላይ ጭረቶች አሉ። ገመድ የሚታሰርበት ብረት ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ነገር አለ። ግራ ጎኗ ላይ ደግሞ አንድ ቦታ ቀለሙ ከሌላው ትንሽ ይለያል። ስገዛት ያቺን ቦታ አይቻት አልፌያት ነበር። ዓይኔ ካረፈባት በኋላ ምን ይታየኛል?

ሳጥኑ ውስጥ ያገኘሁት ይሄ ነው፦ 250 ግራም ነጭ ጄልኮት፣ 250 ግራም ፖሊስተር ሬዚን (ማጠንከሪያ ሲገባበት የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ)፣ ማጠንከሪያ በትንሽ ጠርሙስ፣ አራት የቀለም ቱቦ (ቢጫ፣ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ)፣ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ የመስታወት ክር ምንጣፍ፣ ሁለት ብርጭቆ ወረቀት፣ ማማሰያ እንጨቶችና አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት። ሲከፍቱት ደስ ይላል። ሁሉም ነገር በየጎጆው ተቀምጧል።

ወረቀቷ በስድስት መስመር ጨርሳለች። አጽዳ፣ አሻክር፣ ቀላቅል፣ ቀባ፣ አድርቅ፣ ወልውል። በቃ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጭረቶቹን ያዝኩ። ቀጭን ስንጥቅ ላይ ጄልኮት ብትቀባ ከላይ ይደርቃል እንጂ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ስንጥቁን በሹል ነገር ከፍቶ የ«ቪ» ቅርጽ ያለው ቦይ ማድረግ ያስፈልጋል። እኔ የአሮጌ ጠፍጣፋ መፍቻ ጫፍ ስዬ ጎተትኩበት። ከዚያ ቅባት በሚያነሳው ፈሳሽ፣ በአሴቶን፣ ጠረግሁ። እዚህ ላይ ሁለት ጨርቅ ያዙ፤ በአንዱ ታረጥባላችሁ፣ በሌላው ሳይደርቅ ትጠርጋላችሁ። በአንድ ጨርቅ ከሆነ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዞር ነው።

ቀላቀልኩ። ወረቀቷ «ጥቂት ጠብታ ማጠንከሪያ» ትላለች። ጥቂት ስንት ነው? ለስንት ግራም? ማጠንከሪያው ኤም ኢ ኬ ፒ የሚባለው ፐሮክሳይድ ነው። መጠኑ ከጄልኮቱ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ለ100 ግራም 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ሲበዛ ይሰነጣጥቃል፣ ሲያንስ ጨርሶ አይጠነክርም። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይዤ ለካሁ። ሳጥኑ ውስጥ ቀለም አራት ቱቦ አስገብተው አንድ ሲሪንጅ የጠፋበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም። ሌላም ወረቀቷ ያላለችው አለ። ይሄ ፈሳሽ ዓይን ውስጥ ቢረጭ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። መነጽር ሳታደርጉ ጠርሙሱን አትክፈቱ።

ቀባሁ። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ መድከም ብቻ ነው። ማታ ነካሁት፤ ይጣበቃል። በማግስቱ ጠዋት ነካሁት፤ አሁንም ይጣበቃል። የአውራ ጣቴ አሻራ ቁልጭ ብሎ ታትሞበታል። በብርጭቆ ወረቀት ስሞክረው ወረቀቱ በአንድ ደቂቃ እንደ ማስቲካ ተለቀለቀ። ማጠንከሪያ አንሶታል ብዬ ደመደምኩ። በላዩ ሌላ ማጠንከሪያ ልቀባበት ሁሉ አስቤ ነበር።

ደግነቱ ጎረቤቴ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፋይበር ውኃ ታንከር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው።

«ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አልኳቸው።

በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። «ምንም አላጠፋህ። ከታች ደርቋል። ላዩን ነው አየር የከለከለው። በምን ሸፈንከው?»

«በምንም።»

«አየህ!» አሉና ሳቁ።

ያስረዱኝን በራሴ አባባል ላስቀምጠው። ጄልኮት ተራ ቀለም አይደለም። ራሱ ቀለም የገባበት ፖሊስተር ሬዚን ነው። አየር እያገኘው ላዩ አይጠነክርም፤ ኦክስጅን ሂደቱን ያቋርጠዋል። ታዲያ ፋብሪካ ውስጥ እንዴት ይደርቃል? እዚያ ጀልባ የሚሠራው ተገልብጦ ነው። መጀመሪያ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ጄልኮቱ ይረጫል፣ ከዚያ በላዩ የመስታወት ክሩና ሬዚኑ ይደረደራል። ሲወጣ የምናየው ፊት ቅርጽ ማውጫው ላይ ተለጥፎ የቆየው ነው፤ አየር አላየም። ጀልባ ከቆዳ ወደ ሥጋ ነው የምትሠራው። እኛ ስንጠግን ግን ከሥጋ ወደ ቆዳ ነው፤ ቆዳው መጨረሻ ላይ አየር ላይ ይቀራል። መፍትሔው ወይ ሰም የተቀላቀለበት ጄልኮት መጠቀም ነው፤ ሰሙ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ይሸፍነዋል። ወይም ደግሞ ግልጽ ላስቲክ ማልበስ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጄልኮት ሰም የለበትም። ላስቲክም የለም። ወረቀቷም ዝም ብላለች። ቅሬታዬ ይሄ ነው። አንድ መስመር ጨምረው ቢሆን ቅዳሜዬ አይበላም ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ የተጣበቀውን በአሴቶን ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ። አሁን ከዳር ትንሽ ከፍ አድርጌ ሞላሁት፣ ምክንያቱም ሲደርቅ ይሰበሰባል። በላዩ ግልጽ ላስቲክ ዘረጋሁ፣ አረፋውን በጣቴ ወደ ዳር ገፋሁ፣ ዙሪያውን በማስኪንግ ቴፕ ያዝኩ። ሌሊቱን አደረ። ጠዋት ላስቲኩን ስልጠው «ቀጭ» ብሎ ተላቀቀ። ከሥሩ እንደ ሸክላ ሳህን የሚያበራ ነጭ። ጥፍር አይበሳውም። ያኔ ነው ዕቃው ጥሩ መሆኑን ያመንኩት።

ብረቱ ዙሪያ ያሉትን የሸረሪት ድሮች አልነካኋቸውም። ስንጥቁ ክብ ክብ እየሠራ ከአንድ ቦታ ሲነሳ ሥሩ የሆነ ነገር እየተነቃነቀ ነው ማለት ነው። ብሎኑን ብፈታው ከሥር ጭነቱን የሚያሰራጭ ሳህን የለውም፤ ተራ ዋሸር ብቻ። ሰፊ የማይዝግ ብረት አስገባሁበትና ከዚያ በኋላ ሞላሁት። እስካሁን አልተመለሰም።

አሁን ወደ ግራ ጎኗ እንምጣ።

ጋሼ ኪሳቸው ሳንቲም አወጡና ቀፎውን መንካት ጀመሩ። ከፊት ወደ ኋላ፣ በየሁለት ጣት ርቀት። «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።» ደረቅ፣ ጠንካራ ድምፅ። ያቺ ቀለሟ የተለየ ቦታ ላይ ሲደርሱ «ዱብ» አለ። ተያየን። እንደገና መቱት። «ዱብ።» ከውስጥ ያረጠበ ግድግዳ የመሰለ ድምፅ። በግራይንደር ጫር ሳደርገው ሮዝ ዱቄት ወጣ። የመኪና ስቱኮ! የቀድሞው ባለቤት ቀዳዳውን በመኪና ስቱኮ ደፍኖ፣ ላዩን ቀለም ቀብቶ ሸጦልኛል። የመኪና ስቱኮ ውኃ ይጠጣል። ከውኃ በላይ ላለ መኪና እንኳ ያስቸግራል፤ ለጀልባ ጭራሽ አይሆንም።

ስቱኮው ሲወጣ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ቀረ። ዙሪያው ያለው ፋይበር እርጥብ ነው፤ ሲጫኑት ጠል ያወጣል። ሁለት ሳምንት ጥላ ሥር ክፍቱን ተውኩት። እርጥብ ፋይበር ላይ ሬዚን ማፍሰስ ውኃ አሽጎ ማስቀመጥ ነው።

እዚህ ነው ሳጥኑ ያነሰኝ። የቀፎው ውፍረት እዚያ ቦታ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ጠርዙ ቀስ እያለ እየሳሳ እንዲሄድ መሞረድ አለበት። የሚታወቀው ልክ 12 ለ1 ነው፤ ለ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር ወደ ዳር። ለ6 ሚሊ ሜትር ሲሆን በየአቅጣጫው 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ። 8 ሴንቲ ሜትር ያላት ቀዳዳ 22 ሴንቲ ሜትር ሆነች! ጤነኛ የመሰለኝን ፋይበር ስሞርድ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ግን የሚይዘው ይሄ ሰፊ ዳር ነው። ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ብቻ የተለጠፈ ነገር አንድ ቀን በማዕበል ተገፍቶ ይወድቃል።

ምንጣፉ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚባለው ዓይነት ነው። አንዱ ንብርብር ሲደርቅ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ስድስት ንብርብር ያስፈልጋል፤ ትልቁ 22፣ ትንሹ 9 ሴንቲ ሜትር። 30 በ30 ከሆነች ጨርቅ ስንት ክብ ይወጣል? አንድ ትልቅና ሁለት ኩርማን። ሌላ ምንጣፍ ለብቻ በሜትር ገዛሁ። ሬዚኑ ግን ተረፈ። እንዲህ ያለ ሚዛን የሌለው ነገር አይቼ አላውቅም።

ሥራው ራሱ ደስ ይላል፣ ውሸት የለም። ከውስጥ በኩል ላስቲክ የለበሰ ካርቶን ደግፌ ያዝኩ። ሬዚን በብሩሽ ቀባሁ፣ ምንጣፉን አስቀመጥኩ፣ በብሩሽ ጫፍ ዱብ ዱብ እያደረግሁ አረፋውን አስወጣሁ። ነጩ ምንጣፍ ሬዚኑን ሲጠጣ ቀስ እያለ ግልጽ ይሆናል። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ አየር አለ ማለት ነው። ሦስት ንብርብር አድርጌ እስኪበርድ ጠበቅሁ፤ ቀሪውን ሦስት ቆይቼ ጨመርኩ። በአንድ ጊዜ ቢደራረብ ከራሱ ሙቀት ይቃጠላል። ማስረጃ ካስፈለጋችሁ፣ ኩባያ ውስጥ የተረፈችኝን ሬዚን ረስቼ አስቀምጬ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ኩባያው ጠመመ፣ ቆይቶ ጨሰ። ትርፍ ሬዚን በጥልቅ ኩባያ አታስቀምጡ፤ ሰፊ ሳህን ላይ ዘርግቱት።

ኤፖክሲ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሬዚን ለምን አልተጠቀምክም የሚለኝ አይጠፋም። ኤፖክሲ አሮጌ ፋይበር ላይ ከፖሊስተር በተሻለ ይጣበቃል፣ እውነት ነው። ችግሩ ከላይ የሚመጣው ጄልኮት ፖሊስተር መሆኑ ነው፤ ኤፖክሲ ላይ እንደ ልቡ አይዝም። ደግሞም የዚህ ዓይነቱ ምንጣፍ ክሮች የተያያዙበት ሙጫ በፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን የሚባል ፈሳሽ ነው የሚሟሟው፤ ኤፖክሲ ውስጥ ይሄ የለም። ቀለም ለመቀባት ላሰበ ሰው ኤፖክሲ ይሻለዋል። እኔ ጄልኮት ነው የፈለግሁት።

ስለ አቧራው አንድ ነገር ብቻ። ጥሩ ማስክ አድርጉ፣ እጅጌያችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ስትጨርሱ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡ። እኔ በሙቅ ውኃ ታጥቤ ሁለት ሌሊት ስፎክት አደርኩ።

የቀለሙን ነገር ሳልናገር ብቀር ግምገማው ጎደሎ ይሆናል። አራቱ ቱቦዎች የዚህ ሳጥን ምርጥ ነገር ናቸው። አሮጌ ነጭ ነጭ አይደለም፤ ቢጫ አለው፣ ትንሽ ቡናማ አለው። በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ነክሬ ነው የጨመርኩት። ማጠንከሪያ ሳላስገባ ቀፎው ላይ ጠብ አድርጌ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ አይቼ፣ ጠርጌ፣ እንደገና። አንድ ሰዓት ፈጀ። ልክ መጣ። ኮራሁ።

ስድስተኛው ቅዳሜ መወልወል ጀመርኩ። ወረቀቷ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሰጥታ «ወልውል» ትላለች። 400 የተወው ጭረት በእጅ ውልወላ አይጠፋም። በውኃ እያራስኩ 600፣ ከዚያ 1000፣ ከዚያ ኮምፓውንድ (መወልወያ ቅባት)፣ ከዚያ ሰም። ቀፎው ሲወለወል ያ ዱቄት የመሰለ የፀሐይ ጉዳት ተገፈፈና ከሥሩ ሌላ ነጭ ብቅ አለ። ያነሰ ቢጫ። የኔ ጥገናዎች ሁሉ እንደ ቡና ጠብታ ጎልተው ታዩ!

ለካ ቀለም የሚመሳሰለው ከተወለወለ በኋላ ነው። የአሮጌ ጄልኮት ላይኛው ንጣፍ በፀሐይ የሞተ ነው። እኔ የሞተውን ነበር ስመስል የዋልኩት። አፍንጫዋ ላይ ያሉትን ሦስቱን ከፍቼ እንደገና ሞላኋቸው። ጎኗ ላይ ያለው ትልቁ ግን እንዳለ ነው። ከ10 እርምጃ አይታይም፤ ከ3 እርምጃ ይታያል። ጥንካሬው እንደሆነ ጋሼ በሳንቲማቸው ፈትነውታል፤ «ቀጭ» ነው የሚለው።

እንግዲህ ነጥብ ልስጥ። ለጭረትና ለትንሽ ቁርጭራጭ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፤ ግልጽ ላስቲክና ሲሪንጅ ከራሳችሁ ከጨመራችሁ። ቀዳዳ ላለው ቀፎ 2፤ ምንጣፉ አይበቃም። ለወረቀቷ ዜሮ። ሁለተኛ ሳጥን አልገዛም። ጄልኮትና ምንጣፍ ለየብቻ እገዛለሁ። የቀለም ቱቦዎቹ ግን ገና ግማሽ አልደረሱም፤ ቢጫው ብቻ ነው ትንሽ የጎደለው።