«ጃካል» ይሻላል ወይስ «ድራገን ታቱ»?

ዓለም አቀፍ ወንጀልን የሚተርክ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ለመግዛት የሚያስቡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያማርጡኝ ሁለት መጻሕፍትን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመውን የፍሬድሪክ ፎርሳይዝን «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» እና በ2005 በስዊድንኛ የወጣውን የስቲግ ላርሰንን «ዘ ገርል ዊዝ ዘ ድራገን ታቱ»። እኔ ያለ ማመንታት ጃካልን እመርጣለሁ፤ የትኛውንም ቢሆን ግን ኮፒውን (ያለ ፈቃድ ተባዝቶ የሚሸጠውን) አልመክርም።

ይህን የምለው ከስሬ ስለ ተማርሁ ነው። ከአንድ መንገድ ዳር ሻጭ የላርሰንን መጽሐፍ ኮፒ በ350 ብር ስገዛ፣ ያገለገለው ኦሪጅናል 600 ብር ተብዬ ስለነበር 250 ብር ያተረፍሁ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ስገልጠው የቫንገር ቤተሰብ የዘር ሐረግ የተሣለበት ገጽ በቀለም ተበክሎ አንድም ስም አይነበብም። ታሪኩ በ1966 የጠፋችን ልጅ ከአንድ ትልቅ ቤተሰብ መካከል እያጠያየቀ የሚፈልግ በመሆኑ፣ ማን የማን ወንድም እንደሆነ ሳያውቁ መከታተል አድካሚ ነው። ሙጫው ሲለቅ በ120 ብር አስጠረዝሁት፤ ጠራዡም ጠርዙን ሲያስተካክል የመስመሮቹን ጫፍ አብሮ ቆረጠው። በመጨረሻ ያንኑ ኦሪጅናል በ600 ብር ገዛሁና መጽሐፉ በድምሩ 1,070 ብር ፈጀብኝ።

በእርግጥ ሊዝቤት ሳላንደር የማትረሳ ገጸ ባሕርይ ናት፤ ሆኖም እርሷና የጠፋችውን ልጅ የሚፈልገው ጋዜጠኛ እስኪገናኙ ድረስ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በሴቶች ላይ የሚፈጸመው ግፍም በዝርዝር ስለሚተረክ ለልጅ በስጦታ የሚሰጥ አይደለም።

የጃካል ጥበብ ሌላ ነው። ታሪኩ የፈረንሳይን ፕሬዚዳንት ደ ጎልን ለመግደል ስለተቀጠረ ሰው ነው፤ ደ ጎል በ1970 በቤታቸው እንደሞቱ ስለሚታወቅ፣ ቅጥረኛው ገዳይ እንደማይሳካለት አንባቢው ገና ሳይጀምር ያውቃል፤ ቢሆንም መጽሐፉን ማስቀመጥ አይቻልም። በፓሪስ የሮይተርስ ዜና ወኪል ዘጋቢ የነበረው ፎርሳይዝ፣ በ1962 በፓሪስ አቅራቢያ በፕቲ ክላማር በደ ጎል ላይ በእውን ከተደረገው የግድያ ሙከራ ይነሣና ገዳዩ በሕፃንነቱ በሞተ ሰው ስም እንዴት ፓስፖርት እንደሚያወጣ፣ መሣሪያውን እንዴት እንደሚያሠራ እርምጃ በእርምጃ ያሳያል። አንባቢው የፖሊሱን የክሎድ ሌቤልን አሰሳ እየተከተለ፣ ሳያስበው ለገዳዩም መጨነቅ ይጀምራል።

የጃካል ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍል እጅግ አጭር ስለሆነ፣ ከመጨረሻው ጥቂት ገጾች ከጎደሉ የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመከራከር በፊት መጽሐፉን ከኋላው ገልጦ፣ የገጽ ቁጥሮቹን ተከታትሎ ማየት ይገባል። ያገለገለውን ኦሪጅናል ጃካል 450 ብር ብለውኝ፣ ሽፋኑ መታጠፉን አሳይቼ በ380 ወስጄዋለሁ።