ለዚያች የሌሊት ነርስ ምስጋና፤ ኦሃዮ ያላችሁ እናቶች አንብቡልኝ

ይህን የምጽፈው እህቴን አስፈቅጄ ነው። «ጻፊው፣ ሌላዋ እንደኔ እንዳትሆን» አለችኝ። ስሟን ግን አልጠራም። የነርሷንም ስም ሳላስፈቅድ እዚህ አላወጣም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

እህቴ ከዓመታት በፊት የመኪና አደጋ ደርሶባት ወገቧን ተጎዳች። ሐኪም ያዘዘላትን የሕመም ማስታገሻ፣ ኦክሲኮዶን የሚባለውን፣ ስትወስድ ስትወስድ ሰውነቷ ያለ እሱ አልቆም አለ። ከዚያ ያለው ረጅም ነው፤ የእሷ ታሪክ ስለሆነ አልነካውም። ስታረግዝ ግን ሕክምና ላይ ነበረች። ከእንዲህ ያለ ማስታገሻ ለመላቀቅ የሚሰጥ ቡፕረኖርፊን የሚባል መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ትወስድ ነበር። አንድም ቀን አላጎደለችም፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ልጅቷ በሰላም ተወለደች። በሁለተኛው ቀን ግን ነገሩ ተለወጠ። እጇ ይንቀጠቀጣል። ታስነጥሳለች፣ ታዛጋለች፣ ጡት ይዛ መልሳ ትለቃለች። ልቅሶዋ ቀጭንና ስል ነው፣ ጆሮ ይበሳል። ማህፀን ውስጥ ሳለች በእናቷ በኩል ይደርሳት የነበረው መድኃኒት እትብቷ ሲቆረጥ አብሮ ተቋረጠ። ሰውነቷ እሱን ሲያጣ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሐኪሞቹ ከዚህም በላይ አስረድተውኝ ነበር፤ እኔ የያዝኩት ይህን ያህል ነው።

እዚያ ያየነውን እግዜር ይየው። መብራቱ ቀንም ሌሊትም ቦግ እንዳለ ነው። ገና ተኛችልን ስንል ይቀሰቅሷታል፣ ምልክቶቿን እያዩ ነጥብ ይሞላሉ፣ ይሄዳሉ። ልጅቷን ከእናቷ ለይተው ሌላ ክፍል አስገቧት። እህቴ ልታያት ስትሄድ አንዷ ለሌላዋ «ይቺ ናት እናትየዋ» አለቻት። ድምጿን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። ሌላዋ ደግሞ «ቀድሞ ማሰብ ነበር» አለች፣ ፊት ለፊቷ። ሦስት ቀን ያልሞላት አራስ! ባገራችን አራስ ገንፎ ይቀርብላታል፣ እልል ይባልላታል። የኔ እህት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅስ ነበር።

የኛም ሰው አላዘነልንም። ልትጠይቅ የመጣች አንዲት የምናውቃት ሴት በማግስቱ «ሱሰኛ ልጅ ወለደች» ብላ አዳረሰችው። ሕፃን እንዴት ሱሰኛ ይባላል? ሱስ ማለት እየጎዳህም ፈልገህ መሄድ ነው። ይቺ ልጅ ምን ፈለገች? ሰውነቷ ለመደው፣ ተቋረጠባት፣ አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሌላ ሆስፒታል አዛወሩን። የደረስነው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። የተቀበለችን ነርስ ጠና ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። መጀመሪያ ያደረገችው መብራቱን ማጥፋት ነው። ቴሌቪዥኑን አጠፋች፣ በሩን ዘጋች። ከዚያ ልጅቷን በዳይፐር ብቻ አድርጋ ወደ እህቴ አመጣቻት። እህቴ እጇን ሰበሰበች። «አልነካትም፣ ያሳመምኳት እኔ ነኝ» አለች።

ያቺን ሰዓት አልረሳትም። ነርሷ አልተቻኮለችም። ልጅቷን እንደታቀፈች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «መድኃኒትሽን መውሰድሽ ትክክል ነበር» አለቻት። «በእርግዝናሽ መሀል ድንገት ብታቋርጪው አንቺንም እሷንም አደጋ ላይ ይጥላችሁ ነበር። ይህ ያልፋል። አሁን ከሁላችንም በላይ የምትፈልገው አንቺን ነው።» ልጅቷን ደረቷ ላይ አስተኛችላት፣ ገላ ለገላ። ብርድ ልብስ አለበሰቻቸው። እሷም ወንበር ስባ አጠገባቸው ጨለማው ውስጥ ቁጭ አለች። ልቅሶው ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ቆመ። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሌሊት «ባገራችሁ ሕፃን እንዴት ነው የምታባብሉት?» ብላ ጠየቀችን። ደሴ ላለችው እናታችን በቪዲዮ ደወልን። ለእማዬ ሁሉንም አልነገርናትም፤ «እንቅልፍ እምቢ አለቻት» ብቻ አልናት። እሹሩሩ ስትል ነርሷ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች። ከዚያ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ነጩ ሰሌዳ ላይ ጻፈችው። የቀን ተረኞቹም እያዩ በተሰባበረ አማርኛ «እሹሩሩ» ይሏት ጀመር።

የዚህ ሆስፒታል አካሄድ ሦስት ጥያቄ ነው። በደንብ ጠባች ወይ? 1 ሰዓት ሳትነቃ ተኛች ወይ? ስታለቅስ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተባበለች ወይ? ሦስቱም ከሆኑ መድኃኒት ለመስጠት አይጣደፉም። የኛዋ ሞርፊን በጠብታ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሰጣት። እናቷ ከጎኗ አልተለየችም፤ ጡትም እንድታጠባ አበረታቷት። ይህ አካሄድ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት በ26 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ተፈትኗል። በድሮው፣ ነጥብ በሚሞላበት አካሄድ የታከሙ ሕፃናት ከሆስፒታል ለመውጣት እስኪደርሱ በአማካይ 15 ቀን ገደማ ሲፈጅባቸው፣ በዚህኛው የታከሙት በ8 ቀን ገደማ ደርሰዋል። የኛዋ በ10ኛው ቀን ቤት ገባች።

ሌላው የፈራነው «ልጁን ይወስዱባችኋል» የሚለውን ወሬ ነው። ነርሷ አልዋሸችንም። «ሶሻል ወርከር ትመጣለች፣ ብዙ ትጠይቅሻለች» አለቻት። ፈረቃዋ አልቆ ሳለ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ሴትየዋ እስክትመጣ ጠብቃ ከእህቴ ጋር ተቀመጠች። የሌሊቱን ሥራ ሠርታ! እግዜር ይስጣት፣ ዕድሜዋን ያርዝመው።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት ላይ ሆናችሁ ያረገዛችሁ ካላችሁ አትደብቁ። ሰው ፈርታችሁ በራሳችሁ አታቋርጡት፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ። የምትወልዱበትን ቦታ ገና በእርግዝና ጠይቁ፦ ልጄ ከኔ ጋር አንድ ክፍል ትሆናለች ወይ? ከመድኃኒት በፊት ምን ታደርጋላችሁ? እኛ ሳንጠይቅ ገብተን ነው ያ ሁሉ የደረሰብን። አስተርጓሚ ብትፈልጉ ያገሬ ሰው ይሰማኛል ብላችሁ አትተዉት፤ በስልክ፣ ከከተማው ውጭ ያለ ሰው እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። ለእህቴ እንዲህ አድርጋ ያገናኘቻት ያቺው ነርስ ናት።

ልጅቷ አሁን 5 ወሯ ነው። ወፍራለች፣ ስትስቅ ድድዋ ይታያል። ኮሎምበስና አካባቢው ያላችሁ፣ ሆስፒታሉን ለማወቅ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የጠየቀኝን ሰው ስም ለማንም አልነግርም። ሌሊትም ከሆነ ደውሉ፣ አነሳለሁ።